የተፋቀ አይመለስም፤ የመኪናን ቀለም በቤት ስለ መጠበቅ የቀረበ ዳሰሳ

ብራና ፋቂ የፍየሉን ቆዳ በመወጠሪያው ላይ ወጥሮ ሥጋውንና ጠጕሩን ካስለቀቀ በኋላ፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው እጁን የሚያቆምበትን ጊዜ ማወቅ ነው፤ ጥቂት ቢፍቅ ገጹ ሻካራ ሆኖ ቀለም አይቀበልለትም፣ አብዝቶ ቢፍቅ ደግሞ ይሳሳና ይበሳበታል። ጸሓፊውም በበኩሉ የተሳሳተውን ፊደል በምላጭ ፍቆ ማረም ይቻለዋል፤ ነገር ግን በዚያው ስፍራ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የተሳሳተ እንደ ሆነ ከፊደሉ ጋራ ገጹም ይጠፋል። ይህን የቤተ ክህነት ጥበብ ስለ መኪና ቀለም በሚናገር ጽሑፍ መግቢያ ላይ ማምጣቴ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችል ይሆናል፤ ሆኖም ጕዳዩን በመረመርሁት መጠን ለመኪና ቀለም ከብራና የቀረበ አምሳያ አላገኘሁለትም። ሁለቱም ስስ ናቸው፤ ሁለቱም ሲፋቁ ያምራሉ፤ ከሁለቱም የተፋቀው ተመልሶ አይለጠፍም።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ ባለመኪና በገዛ ግቢው፣ በገዛ እጁና በመጠነኛ ወጪ የመኪናውን ቀለም ለብዙ ዘመን ለማቆየት ምን ማድረግ ይገባዋል? መልስ የሚሰጡት ሰዎች ግን በሦስት ወገን ተከፍለው እናገኛቸዋለን። የመጀመሪያዎቹ፣ መኪና እስኪያብለጨልጭ ድረስ በየጊዜው ፖሊሽ መደረግ አለበት ይላሉ፤ ሁለተኞቹ፣ ሴራሚክ የተባለውን አዲስ ሽፋን አንድ ጊዜ ቀብቶ መገላገል ይሻላል ብለው ይመክራሉ፤ ሦስተኞቹ ደግሞ መኪና መሄጃ እንጂ መስተዋት አይደለምና ዝናብ ያጠበው ይበቃዋል በማለት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጉታል። ከሦስቱም ዘንድ እውነት አይታጣም፤ ሦስቱም ግን የዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም በስፍራው እናየዋለን።

ጕዳዩ በእኛ አገር ከጌጥነት ያለፈ ክብደት አለው። መኪና በብዙ ድካም የሚገዛበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት፣ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች ዲኤክስ ኮሮላ እንኳ በክብር የምትሸጥበትና የምትለወጥበት አገር ነውና፣ ቀለሙን የጠበቀ ሰው ገንዘቡን ጠበቀ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ በኋላ በየመንገዱ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ፣ ሞተራቸው ቢለወጥ ልብሳቸው ያው ነው።

፩. ስለ ቀለሙ ጠባይ

ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ባመጣበት ዘመን፣ የመኪና አካል እንደ ሠረገላ በብሩሽ ቬርኒሽ ይቀባ ነበር፤ አንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላው ስለማይቀባም ሥራው ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ አወጣት። በዚያው በ1920ዎቹ አጋማሽ ዱፖን የተባለው ኩባንያ ዱኮ በሚል ስም ያወጣው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ በዋለ ጊዜ፣ የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት አጠረ፤ ቀለማትም ዓይነታቸው በዛ። ለእኛ ጥያቄ ግን ዋናው ለውጥ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ በየፋብሪካው የተስፋፋው ነው፤ ይኸውም መልክ የሚሰጠው ቀለም ለብቻው ስስ ሆኖ ተቀብቶ፣ ከላዩ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ግልጽ ቬርኒሽ እንዲለብስ መደረጉ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የመኪና ቀለም ስንል የምንናገረው ስለ ብዙ ልብሶች ነው። ከብረቱ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ኃይል የተጣበቀ ዝገት ተከላካይ አለ፤ ከእርሱ በላይ ገጹን የሚያስተካክል መካከለኛ ቅብ፣ ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ፣ በመጨረሻም ግልጹ ቬርኒሽ ይገኛል። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ ነው። ከዚህም ውስጥ ዝናቡንና ፀሐዩን የሚጋፈጠው፣ አብረቅራቂነቱንም የሚሰጠው ግልጹ ቬርኒሽ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት ያነሰ መሆኑ ነው። የሀብቱ ልክ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ይህን ጥቂት ሀብት ማን እንደሚያባክነውና ማን እንደሚቆጥበው ነው።

አንባቢ መኪናው የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ ቢወድ፣ በማይታይ ስፍራ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ ይሽ፤ ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ከላይ ቬርኒሽ የሌለው፣ የቀድሞው ዓይነት ቅብ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን የነካው ግልጹን ቬርኒሽ ነው።

፪. ስለ ጠላቶቹ

የመጀመሪያው ጠላት ፀሐይ ነው። በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ከባሕር ጠለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቍጥር ወደ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ስለሚሄድ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በተሠራችው በአዲስ አበባ የቆመ መኪና፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ብቻ የተጠበቀ መስሎ ቢታይም በበረኻ ወደብ ላይ ከቆመው ይልቅ ጨረሩ ይበረታበታል። የኮፈኑና የጣራው ቬርኒሽ እንደ እባብ ቆዳ መላጥ የሚጀምረው፣ የበሮቹ ግን ደኅና ሆኖ የሚቆየው ስለዚህ ነው፤ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ያቀኑት ናቸውና።

ሁለተኛው የወፍ ኩስ ነው። ብዙ ሰው አሲድነቱን ብቻ ይከሳል፤ ነገር ግን ጉዳቱን የሚያከፋው ሙቀት ነው። ቬርኒሹ በቀትር ፀሐይ ሲግል ጥቂት ይለሰልሳል፣ ይለጠጣልም፤ ሲመሽ ቀዝቅዞ በሚኮማተርበት ጊዜ የደረቀውን ኩስ ቅርጽ እንደ ማኅተም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ኩስን ለማግስት ማሳደር አይገባም፤ ደርቆ ሲገኝም በጥፍር መፋቅ ሳይሆን፣ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ደርቦበት ሲርስ ማንሣት ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። የጕድጓድ ውኃ በቀለሙ ላይ ሲደርቅ የኖራ ክብ ትቶ ያልፋል፤ ይህም ገና ካልሰረገ በእኩል ውኃ የቀጠነ ኮምጣጤ ተጠርጎ፣ ወዲያው በብዙ ውኃ ሲታጠብ ይለቃል። ግንባታ በማያልቅባት ከተማችን የሚረጨው የሲሚንቶ ፍንጣቂም እንደዚሁ መረስረስ እንጂ መፈንቀል አይወድም። ከፍሬን የሚበነው የብረት ብናኝ ግሎ ሳለ በቸርኬውና በበሩ ግርጌ ላይ ይሰካና ቈይቶ የዝገት ነጥብ ይሆናል። የክረምቱን በረዶ በተመለከተ ግን፣ ከጣራ በስተቀር የሚመልሰው ቅባት የለም።

፫. ስለ እጥበት

አሁን ሦስቱም ወገኖች ወደ ዘነጉት ነገር ደረስን። የመኪናን ቀለም ከፀሐይና ከወፍ ይልቅ አዘውትሮ የሚጎዳው፣ እርሱን ለማሳመር ብሎ የሚያጥበው እጅ ነው።

የግቢያችን ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚስተካከል ትጉህ ሰው ናቸው፤ በየቅዳሜው ማለዳ በአንድ ባልዲ ውኃ፣ በአንድ ጭብጥ የልብስ ዱቄት ሳሙናና በአሮጌ ካናቴራ ቍራጭ መኪናዬን ያጥቡልኝ ነበር። አንድ ቀን ጨርቁ ከእጃቸው ወድቆ ከመሬት ሲያነሡት አየሁና፣

«ጋሼ፣ ይህ ጨርቅ አፈር አልነካውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ አራግፌዋለሁ፣ ጌታዬ! ደግሞ ውኃው ሳሙና አለው» አሉኝ።

ፀሐይዋ ከፍ ብላ በኮፈኑ ላይ በወደቀች ጊዜ ጠርቼ አሳየኋቸው። በብርሃኑ ዙሪያ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተሸመነ የጭረት ክበብ ይታይ ነበር። ከዚያም የባልዲውን ውኃ ቀስ ብለን ደፋነውና ከሥሩ የቀረውን ደለል በጣቶቼ መካከል ባሸሁት ጊዜ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ኰረኰረኝ፤ ለእርሳቸውም አስነካኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «እንግዲህ ስናጥበው የኖርነው በአሸዋ ነዋ!» አሉ።

ነገሩ እንዳሉት ነው። ስለዚያ የሸረሪት ድርም አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር፤ ጭረቶቹ በእውነቱ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተጋደሙ ሺህ ቀጫጭን መስመሮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በብርሃኑ ዙሪያ አግድም የተሰለፉት ብቻ ስለ ሆኑ፣ ክብ መስለው ይታዩናል። ስለዚህ በክብ እያሹ ማጠብ ብቻ አይደለም ድሩን የሚያመጣው፤ በማናቸውም አቅጣጫ ቢሆን አሸዋ ይዞ የሚሄድ ጨርቅ ሁሉ ያመጣዋል። በቀጥታ መስመር ማሸት የሚመከረውም ጭረቱን ስለሚያስቀር ሳይሆን፣ የሚወጣው ጭረት ከብዙ አቅጣጫ እንዳይታይ ስለሚያደርግ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው እጥበት ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መኪናው በጥላ ሥር ቆሞ እጅ ሲነካው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቸርኬዎቹ ለብቻቸው በተለየ ጨርቅና ባልዲ ይታጠባሉ፤ ከዚያ አካሉ ሳይነካ በብዙ ውኃ ይረጫል፤ አቧራው በውኃ ሊሄድ የሚችል ሁሉ በውኃ መሄድ አለበትና። ከዚህ በኋላ ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ በአንደኛው የመኪና ሻምፖ፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ይሆናል። ባለ ረጅም ጠጕር የማጠቢያ ጓንት ከሻምፖው ተነክሮ አንድ የአካል ክፍል ካጠበ በኋላ፣ ወደ ሻምፖው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውኃ ውስጥ ታጥቦ አሸዋውን ያራግፋል። ጕዞው ከጣራ ወደ ታች ነው፤ የበሮቹና የፓራፋንጎው ግርጌ ከሁሉ ይልቅ ጭቃ የተሸከመ ስለ ሆነ ለመጨረሻ ይቀራል። ለማድረቅም ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ በቀለሙ ላይ አንጥፎ ውኃውን እንዲጠጣ መተው እንጂ፣ ወዲያና ወዲህ መጎተት አያስፈልግም። የወደቀ ጨርቅ ዳግመኛ ታጥቦ ካልሆነ ወደ ቀለሙ አይመለስም።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለእነርሱ መለቅለቅ የማያስፈልገው ማጠቢያ ተገኝቷል፤ ከእርሱ ጥቂት ክዳን ያህል በአንድ ባልዲ ውኃ ይበጠበጥና፣ ብዙ ፎጣዎች በአንድነት ይነከሩበታል፤ አንዱ ፎጣ አንዱን ክፍል ከጠረገ በኋላ ወደ ባልዲው ሳይመለስ ወደ ጎን ይጣላል። ወፍራም ጭቃ ለያዘ መኪና ግን ይህ አይሆንም።

ልናስወግዳቸው የሚገቡ ልማዶችም አሉ። የልብስ ዱቄት ሳሙና የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል። ናፍጣ በጨርቅ መቀባት ለአንድ ቀን ያወዛል፤ ነገር ግን ቅባቱ አቧራ እየሰበሰበ የጎማ ክፈፎችን ያበላሻል። በደረቅ አቧራ ላይ ደረቅ ጨርቅ ማሳለፍ ከሁሉ የከፋ ነው። ሸራ ማልበስም ለንጹሕ መኪና በጎ ሲሆን፣ አቧራ ለጠጣ መኪና ነፋስ ሸራውን ባወዛወዘ ቍጥር ሌላ ፍቀት ነው።

፬. ስለ ማጥራትና ስለ መፋቅ

በደንብ የታጠበን መኪና እጅን በስስ ፌስታል ውስጥ አግብቶ ቢዳስሱት፣ ዓይን ያላየውን ጣት ያየዋል፤ ገጹ እንደ ጥሬ ጨው ይኰሳኰሳል። ይህ የተሰካው የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና የቀለም ርጭት ነው። ለዚህ ክሌይ የሚባል፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ማጽጃ አለ፤ ገጹን በቅባታም ውኃ አርሶ ያለ ጫና ማንሸራተት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከእጅ የወደቀ ክሌይ ግን ይጣላል እንጂ አይታጠብም፤ የያዘውን አሸዋ አይለቅምና።

ከዚህ ቀጥሎ ነው ፖሊሽ የሚመጣው። ብዙዎች ፖሊሽንና ሰምን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ግብራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ሰም ይጨምራል፤ ፖሊሽ ይቀንሳል። ጭረት ጐድጓዳ ስለ ሆነ በምንም ቅባት ለዘለቄታው አይሞላም፤ የሚጠፋው በዙሪያው ያለው ቬርኒሽ እስከ ጐድጓዳው ድረስ ሲፋቅ ብቻ ነው። ማናቸውም ፖሊሽ ማድረግ ከዚያ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ከሚሆን ቬርኒሽ ላይ የሚቈረስ ድርሻ ነው፤ ቀላሉ ከአንድ ማይክሮን ያልበለጠ፣ ከባዱ ደግሞ ጥቂት ማይክሮኖችን ይወስዳል። የፀሐዩን ጨረር የሚመክተው ቅመምም በዚያው ቬርኒሽ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ገና ቀለሙ ሳይገለጥ መከላከያው ይደክማል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ ጋራዥ፣ «እንደ አዲስ እናደርግልዎታለን» ብሎ በአንድ አቅጣጫ በኃይል በሚሽከረከር ማሽን በሁለት ሰዓት ውስጥ አብረቅርቆ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ፣ ጣት የሚያህል ደብዛዛ መስመር አየሁ፤ ቬርኒሹ አልቆ ነበር። ጠርዝ ላይ ቅቡ ከሌላው ሥፍራ ይሳሳል፤ የማሽኑም ኃይል የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ከዚያ ወዲያ ለዚያ ስፍራ መድኃኒቱ ቀለም ቀቢ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ በቤቱ የሚሠራ ሰው እየዞረ በሚወዛወዝ ማሽን ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ሙቀትን በአንድ ስፍራ አያከማችምና። ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍን፤ ከኮፈኑ ላይ ሁለት ጋት የሚሆን ስፍራ ወስዶ በጣም ለስላሳውን ፖሊሽና ለስላሳውን ስፖንጅ አስቀድሞ ይሞክር፤ ያ ካልበቃው ብቻ ወደ በረታው ይለፍ። ጥፍር የሚይዘውን ጥልቅ ጭረት አጠፋለሁ ብሎ አይነሣ፤ ከእርሱ ጋራ መኖርን ይልመድ። የፍጹምነት ምኞት በዚህ ሥራ ውስጥ ከስንፍና ይልቅ ብዙ ቬርኒሽ አጥፍቷል።

፭. ስለ ሽፋን

ሽፋኖቹ አራት ናቸው፤ በዘመን ቅደም ተከተል እንያቸው።

የመጀመሪያው ሰም ነው። የእኛ ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሙቀት ላይ ስለሚቀልጥ፣ በቀትር ፀሐይ ለሚግል ኮፈን ብቻውን አይበቃም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅለው የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚራገፈው ካርናውባ ግን ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ድረስ ስለሚታገሥ፣ የመኪና ሰም መሠረት ሆነ። በእጅ ይቀባል፤ ጥፋት ቢሠሩበት በቀላሉ ይታረማል፤ ጥልቅ የሆነ ወዝ ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ የሚቀመም ሲላንት የሚባለው ነው፤ እንደ ሰም በቀላሉ ተቀብቶ ግማሽ ዓመት ያህል ይቈያል።

ሦስተኛው ሴራሚክ የተባለው ነው። ከአሸዋ መሠረት ከሆነው ከሲሊካ ወገን የተቀመመ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከቬርኒሹ ጋራ ተጣብቆ ይደርቅና እንደ አያያዙ ከአንድ ዓመት እስከ ጥቂት ዓመታት ይጸናል፤ ውኃና ጭቃም በላዩ አይረጋም። ይህ በረከት ነው፤ ሆኖም ስለ እርሱ የሚነገረው ከግብሩ ይበልጣል። በካርቶኑ ላይ የሚነበበው 9ኤች የሚል ምልክት የእርሳስ ጫፍ በቅቡ ላይ ተጭሮ የሚለካ ጥንካሬ ነው እንጂ የአልማዝ ጥንካሬ አይደለም። ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ያህል የሆነ ነገር የድንጋይ ፍንጣሪን አይመልስም፤ አሸዋ የያዘ ጨርቅንም አያስቆምም፤ ጨዋማ ውኃ ከደረቀበትም ክቡ ይቀራል። ከዚህም በላይ ያገኘውን ይዞ ስለሚደርቅ፣ ጭረቱ ሳይጠራ ቢቀባ ጭረቱን ያትመዋል፤ በጊዜው ያልተጠረገ ትርፍም ደርቆ ከቀረ የሚወጣው በመፋቅ ነው። በቤት የሚቀባ ሰው አቧራ የሌለበት ጣራ ሥር ያለው፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከውኃ ሊጠብቀው የሚችልና ትዕግሥት ያልተለየው መሆን ይገባዋል።

አራተኛው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍር የፖሊዩሬታን ፕላስቲክ ነው። ትውልዱ በቬትናም ጦርነት ዘመን የሄሊኮፕተሮችን ክንፍ ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመጠበቅ ከተሠራው ነው። የድንጋይን ፍንጣሪ በእውነት የሚመልስ እርሱ ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን የከበደ፣ አለጣጠፉም የሠለጠነ እጅ የሚሻ ስለ ሆነ፣ በቤት ለሚሠራ ሰው ከበር እጀታ ሥርና ከበር ጠርዝ ያለፈ ባይሞክረው ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የሚለበሱት ሊያልቁ ነው። የብራናው መጽሐፍ ከማኅደሩ ውስጥ ሲኖር፣ የመንገዱን ዝናብና የትከሻውን ላብ ማኅደሩ እየተቀበለ እንደሚያረጅ ሁሉ፣ ሰሙም በቬርኒሹ ፈንታ ያረጃል። ማኅደር ቢያረጅ ሌላ ይሰፋል።

፮. ፍርዱ

ሦስቱን ወገኖች ወደ ሸንጎ መልሰን ብንጠይቃቸው እንዲህ እናገኛለን። ዘወትር ፖሊሽ የሚያደርገው ሰው፣ በየሳምንቱ በእጥበት የሚያመጣውን ጭረት በየዓመቱ ቬርኒሽ እየከፈለ ያስፍቃል፤ ሴራሚክ የቀባው፣ ሽፋኑን ተማምኖ በዚያው ባልዲና በዚያው ካናቴራ ያጥባል፤ ነገሩን የተወው ደግሞ በዝናብ ይታመናል፤ ዝናብ ግን አቧራውን ወደ ጭቃ ለውጦ ያደርቀዋል እንጂ አያጥብም። የዘነጉት አንድ ነገር የየሳምንቱ እጥበት ነው። እርሱ የቀና እንደ ሆነ ፖሊሹ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ይበቃል፤ ሽፋኑም ሰም ይሁን ሴራሚክ የአቅምና የምርጫ ጕዳይ ይሆናል።

ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው እንግዲህ በቅድሚያ ሁለተኛ ባልዲ፣ አንድ የማጠቢያ ጓንትና ጥቂት ማይክሮፋይበር ፎጣ ይግዛ፤ ቀጥሎ ለመኪናው ጥላ ይፈልግለት፤ ከዚያ ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም በእጁ ሲላንት ይቀባው። ማሽኑን ከሁሉ በኋላ ያስብ፤ ባያስበውም አይጎዳም።

ዘበኛችን ዛሬም በየቅዳሜው ያጥባሉ፤ አሁን ግን ሁለት ባልዲ አላቸው። እጥበቱ ሲያልቅ የንጹሑን ባልዲ ውኃ ወዲያው አይደፉትም፤ እስኪጠልል ጠብቀው፣ አዘንብለው ሥሩን ይመለከታሉ። ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ሾፌር ምን እንደሚያዩ ቢጠይቃቸው፣ ከሥሩ የተኛውን ጥቍር ደለል በጣታቸው አንሥተው አሳዩትና፣ «ይኸው፣ ልጄ፤ ቀድሞ መኪናችን ይህን ሁሉ ይለብሰው ነበር» አሉት።